ስኮፑን ከመወንጀላችሁ በፊት ብሎኑን እዩት፦ የማውንት እና የቶርክ ካቻቢቴ ሪቪው

እሺ፣ ይሄን ሪቪው መጻፍ የነበረብኝ ከስምንት ወር በፊት ነው። ግን ያኔ ብጽፈው ኖሮ ስለ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር) ነበር የምጽፈው፣ እሱም ከላይ እስከ ታች ስድብ ይሆን ነበር። አሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለገባኝ ስለ ማውንት (ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ) እና ስለ አንዲት የቶርክ ካቻቢቴ (ብሎኑ የተፈለገው ልክ ሲጠብቅ ቀጭ ብላ የምትነግር) ልጻፍ። የሁለቱንም ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ፣ ደሞ የምላቸው ነገሮች አብዛኛዎቹ የትኛውንም ብትገዙ ይሠራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ .308 (የጥይቱ ልክ ነው) ቦልት አክሽን፣ ማለትም መዝጊያው (ቦልቱ) በእጅ የሚሳብ፣ ጠመንጃ አለኝ፣ መቶ ሜትር ላይ ሶስት ጥይት ስተኩስበት ሶስቱም ተጠጋግተው ያርፋሉ፣ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስመለስ ሶስቱም አሁንም ተጠጋግተዋል ግን 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሸሽተው ነው የተጠጋጉት። እሺ ብዬ የስኮፑን ማስተካከያ ክሊክ በክሊክ እየቆጠርኩ መሃል አስገባዋለሁ፣ አስር አስራ አምስት ጥይት በሰላም ይሄዳል፣ ከዛ ድንገት ወደ ላይ። ጥይት ቀየርኩ። በርሜሉን እንደ እብድ አጸዳሁ። ቃታ አሳሳቤ ነው እንዴ ብዬ በባዶ ጠመንጃ ስንት ቀን ተለማመድኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይሄን ነው።

በመጨረሻ ፈረድኩ፣ ስኮፑ ሞቷል። ነቅዬ ለጓደኛዬ "እንካ፣ ፈታተህ እየው፣ እኔ ተሰናብቼዋለሁ" ብዬ ሰጠሁት። በምትኩ የተሻለ የሚባል ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቱቦ ስኮፕ ገዛሁ፣ ቱቦውን አቅፈው የሚይዙት ቀለበቶችም የግድ ተቀየሩ ምክንያቱም የድሮው ባለ አንድ ኢንች ነበር፣ ማለትም 25.4 ሚሊ፣ ሁለቱ አይዋዋሱም። ቤዙ (ቀለበቶቹ የሚቀመጡበት፣ ጠመንጃው ላይ በብሎን የታሰረው ብረት) ግን ያው የድሮው ቤዝ ነው፣ ማን ቤዝን ይጠረጥራል? አዲሱ ስኮፕ በሁለተኛው ቀን 9 ሳንቲም ሄደ። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ስደበድብ ነው የከረምኩት።

ያን ቀን ማታ ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ አሰርኩ (ካዝናውን አውጥቼ፣ ቦልቱን አውጥቼ፣ የጥይት ማደሪያውን በዓይኔም በጣቴም አይቼ፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉ) እና ከላይ ወደ ታች መፍታት ጀመርኩ። የቀለበቶቹ ብሎኖች ጠብቀዋል። ቤዙን የያዙት አራት ብሎኖችም ጠብቀዋል፣ እንዲያውም የፊተኛው ለመፍታት አስቸግሮኛል። ቤዙ ሲነሳ ግን ስሩ ዘይት ነበር፣ በጥቁሩ ቀለም ላይ ደሞ እንደ ብር የሚያበራ የተፋተገ ቦታ። በደንብ የጠበቀ ነገር እንዴት ይፋተጋል? ብሎኖቹን አውጥቼ ጎን ለጎን ሳቆማቸው አየሁት፣ የፊተኛው ከሚገባው ትንሽ ይረዝማል። በብዙ ቦልት አክሽኖች ላይ የፊተኛው ቀዳዳ የሚያርፈው በርሜሉ በተጠመዘዘበት ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚህ ብሎኑ ከረዘመ ጫፉ በርሜሉን ነክቶ ይቆማል። እጃችሁ "በቃ ጠብቋል" ይላችኋል፣ ጭንቅላቱ ግን ቤዙን ገና አልጨበጠውም። የገጠመልኝ ሰው ይሄን ሥራ ለዓመታት የሠራ ነው፣ ስሙን አላነሳም፣ እሱም እጁ ዋሽቶት ነው።

እናንተም ቤት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አስገቡ፣ አንዱን ብቻ አጥብቃችሁ ቤዙን በጣት ነቅነቅ አድርጉት፣ ከጠበቀ በኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያ ብሎን የሚገፋው ቤዙን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ብሎን በኋላ ደሞ ቦልቱን አስገብታችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ከፊተኛው ቀጥሎ ያለው ብሎን ከረዘመ የቦልቱ ጉጥ ሲያልፍ ይነካዋል፣ ይፍቃል ወይም ጭራሽ አይዘጋም። እና የፊቱን ብቻ አጥብቃችሁ የኋላው ከጠመንጃው ላይ ብድግ ካለ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ቤዙና ጠመንጃው አልተገናኙም ማለት ነው፣ በኃይል ብታጠብቁት ቤዙን ታጎብጡታላችሁ፣ ቤዙ ደሞ ስኮፑን ይዞት ይጎብጣል።

ትንሽ ሂሳብ ልጨምር ምክንያቱም ሰው "ይህቺ ምን ታመጣለች" ይላል። ሁለቱ ቀለበቶች በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው በ0.1 ሚሊ ብቻ ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ የወረቀት ውፍረት ማለት ነው፣ የመቶ ሚሊው አንድ ሺኛ ነው፣ ያ መቶ ሜትር ላይ 10 ሳንቲም ይሆናል። ስኮፔ ላይ አንድ ክሊክ 0.1 ሚል ነው (ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው፣ ሚሊ ሜትር አይደለም)፣ መቶ ሜትር ላይ 1 ሳንቲም፣ ስለዚህ የአንድ ወረቀት ያህል መንሸራተት አስር ክሊክ በላብኝ። የኔ 12 ሳንቲም ከዚህ ብዙም አይርቅም። እና በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ ለዛ ነው ስኮፑን የምንሰድበው።

ወደ ሪቪው። የገዛሁት ማውንት ባለ አንድ አካል ነው፣ ማለትም ሁለቱ ቀለበቶች ከታች በአንድ ብረት ተያይዘው ከአንድ አሉሚኒየም የተቆረጡ ናቸው። የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው፣ ሁለት የተለያዩ ቀለበቶች ስትገጥሙ አንዱ ከሌላው ጋር ቀጥ ብሎ መቀመጡን ማንም አያረጋግጥላችሁም፣ አንደኛው ትንሽ ካዘነበለ ቱቦውን ይጠመዝዘዋል፣ ለዚህ ነው ሰዎች በብረት ዘንግና በመፋቂያ ቅባት የቀለበቱን ውስጥ እየፈተጉ የሚያስተካክሉት። ባለ አንድ አካሉ ሁለቱም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ስለሚቆረጥ በደንብ የተሠራ ከሆነ መፈተግ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም መፈተግ ቀለሙን ብቻ ነው የሚያነሳው። የኔን ስኮፑ ሳይታሰር አስቀምጬ አየሁት፣ አይወዛወዝም፣ አይዘልም፣ ፀጥ ብሎ ተኛ። ስፈታውም ቱቦው ላይ ምንም ምልክት የለም። የድሮ ቀለበቶቼ ግን ቱቦው ላይ ጥፍር የመሰለ ጭረት ትተውብኛል።

እያንዳንዱ ክዳን (የቀለበቱ የላይኛው ግማሽ) በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ ከታች ደሞ ሬሉን (ከላዩ ቦይ ቦይ ያለው የቤዝ አይነት) የሚጨብጡ ሁለት አግዳሚ ብሎኖች አሉት። አጨራረሱ ቆንጆ ነው፣ ስለት የመሰለ ጠርዝ የለውም፣ ጥቁሩ ቀለምም እስካሁን አልተላጠም።

የሚያናድዱ ነገሮቹስ? አንደኛ የመመሪያ ወረቀቱ ጽሑፍ ለጉንዳን የተጻፈ ነው የሚመስለው፣ ዋናው ቁጥር ማለትም የቶርኩ መጠን ከሁሉም በታች ጥግ ላይ ተደብቋል። ሁለተኛ አብሮት የመጣው ቁልፍ ለስላሳ ብረት ነው፣ ሁለተኛው ብሎን ላይ ጫፉ ተጠመዘዘ፣ ወዲያው ጣልኩት፣ እናንተም ጣሉት ምክንያቱም የተበላ ቁልፍ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላል። ሶስተኛ ክዳኖቹ የትኛው የፊት የትኛው የኋላ እንደሆነ ምልክት የለባቸውም፣ እኔ ከመፍታቴ በፊት በእርሳስ ጻፍኩባቸው፣ አምራቹ ሁለት ነጥብ ቢወጋባቸው ምን ነበር? አራተኛ ከሁለት ተራ ቀለበት ይከብዳል፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው ይሰማዋል፣ ለኔ አይነቱ ከመሬት ለሚተኩስ ምንም አይደል።

ሬሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሰው ሁሌ ይደባልቀዋል። ፒካቲኒ እና ዊቨር ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ፒካቲኒ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1995 MIL-STD-1913 ብሎ ያወጣው መስፈርት ነው፣ ማስገቢያዎቹ (አግድም የተቆረጡት ቦዮች) 5.23 ሚሊ ስፋት አላቸው፣ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል 10 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሁሌም እኩል። የዊቨር ማስገቢያ ግን ጠበብ ይላል፣ 4.57 ሚሊ፣ ርቀቱም ከቤዝ ቤዝ ይለያያል። ስለዚህ የዊቨር ቀለበት ፒካቲኒ ላይ ይገባል ግን ማስገቢያው ውስጥ ይጫወታል፣ የፒካቲኒ ማውንት ደሞ ዊቨር ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም። እኔ የድሮውን ባለ ሁለት ቁራጭ ቤዝ ጥዬ ባለ አንድ ቁራጭ የብረት ፒካቲኒ ሬል ነው ያስገባሁት፣ ብሎኖቹንም አብረውት የመጡትን ብቻ ተጠቀምኩ፣ ከሳጥን ውስጥ "ይሄም ይገባል" ብሎ ሌላ መልቀም ቀረ።

እና ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ አግዳሚውን ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት ማውንቱን በእጃችሁ ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ግፉት፣ ከማውንቱ ሥር ያለው ጉጥ የማስገቢያውን የፊት ግድግዳ እስኪነካ። ለምን? ጥይቱ ሲወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይረግጣል፣ ስኮፑ ግን ከባድ ስለሆነ ባለበት መቅረት ነው የሚፈልገው፣ ከጠመንጃው አንጻር ሲታይ ወደ ፊት ይሄዳል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ወደ ፊት ተገፍቶ ከታሰረ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ወደ ኋላ ተጠግቶ ከታሰረ ግን በእያንዳንዱ ጥይት ትንሽ ትንሽ እየሄደ ግድግዳው ጋር እስኪደርስ ዒላማችሁ እየተቀየረ ይከርማል። ሁለት ሰከንድ የማትፈጅ ነገር ናት።

አሁን የቶርክ ካቻቢቴዋ፣ የዚህ ሪቪው እውነተኛ ኮከብ እሷ ናት። መጀመሪያ ሲነግሩኝ "እጄ ያውቃል" ብዬ ነበር። ከገዛኋት በኋላ ሙከራ አደረግኩ፣ አሮጌ ቀለበት ላይ በተራ ቁልፍ "ልክ ነው" እስክል አጠበቅኩና ስንት እንደሆነ በካቻቢቴዋ ለካሁ፣ አንዱ ብሎን ከ15 በታች አንዱ ከ30 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል ማለትም የቶርክ መለኪያ) በላይ ነበር፣ ያውም አንድ ክዳን ላይ፣ ያውም በአንድ እጅ፣ ያውም በአምስት ደቂቃ ልዩነት። እጄ ምንም አያውቅም።

ቁጥሮቹን ልንገራችሁ፣ ግን ቅድሚያ የራሳችሁን አምራች ወረቀት እመኑ። የቀለበት ክዳን ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ነው የሚባለው፣ በኒውተን ሜትር ከ1.7 እስከ 2 ገደማ። ትንሽ ነው! ሰው መጀመሪያ ሲሰማ አያምንም፣ ሁለት ጣት የሚያጠብቀው ያህል ነው። ማውንቱን ሬሉ ላይ የሚይዘው አግዳሚ ብሎን ግን ብረት ከሆነ እስከ 65 ድረስ ይሄዳል፣ 7.3 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ የኔ ወረቀትም 65 ነው የሚለው። ቤዙን ጠመንጃው ላይ የሚይዙት ትንንሾቹ ብሎኖች መሃል ላይ ናቸው፣ እኔ 20 ላይ ነው ያሰርኳቸው። እነዚህ ብዙ ጠመንጃ ላይ 6-48 የሚባሉት ናቸው፣ ውፍረታቸው 3.5 ሚሊ ብቻ፣ በኃይል ከሄዳችሁባቸው ጭንቅላታቸው ይቀነጠስና ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታሪክ ለጠላቴም አልመኝም።

ሰው የሚፈራው መላላትን ነው፣ ክዳኑ ላይ ግን ብዙ ጉዳት ያየሁት ከመጠን በላይ በማጥበቅ ነው። የስኮፕ ቱቦ ስስ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ ሌላ ቱቦ አለ፣ ክሊክ ስታደርጉ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ውጪውን ከጨመቃችሁት የውስጡ ይያያዛል፣ ክሊክ ታደርጋላችሁ ምንም አይሄድም፣ ትተኩሳላችሁ እርግጫው ያላቅቀውና ድንገት ይዘላል። የማጉያው ቀለበት ድንገት ደርቆባችሁ ከሆነ መጀመሪያ የኋላውን ክዳን አላሉት፣ ብዙ ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም።

የካቻቢቴዋ አጠቃቀም ላይ ሁለት ነገር። ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ ቀጭ ስትል አቁሙ፣ "ለማረጋገጥ" ብላችሁ ሶስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አታድርጉ፣ በእያንዳንዷ ትንሽ ትጨምራለች። ስትጨርሱ ደሞ መጨረሻ ታች ወዳለው ቁጥር መልሷት፣ ስፕሪንጓ ተወጥሮ ከከረመ ይደክማል። የኔዋ ጉድለት መያዣዋ ነው፣ ቅባት እጅ ከነካት ትንሸራተታለች፣ የቁጥር መስመሯም ከጎን ስትታይ አንዴ ቀንሳ አንዴ ጨምራ ነው የምታሳየው፣ ፊት ለፊት ማየት አለባችሁ። ከዛ ውጪ አልወቅሳትም።

ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ፣ ሎክታይት 242 የሚባለው አይነት፣ እዚህ ላይ ሰው ሁሌ ይጣላል። እኔ የምጠቀመው ቤዙን ጠመንጃው ላይ ለሚይዙት ብሎኖች ብቻ ነው፣ ያውም አንዲት ጠብታ፣ ያውም ሁለቱንም ወገን በአልኮል ከቅባት ካጸዳሁ በኋላ፣ ከዛ እስከ ነገ አልነካውም። ክዳኑ ላይ ግን አላደርግም። እርጥብ ጥርስ ይንሸራተታል፣ ካቻቢቴዋ 18 ስትል ብሎኑ በደረቁ ከሚጨብጠው በላይ ጨብጧል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ለደረቅ ብሎን ነው ካለ በደረቁ እሰሩት። ዘይትም ያው ነው። ቀዩን ማጣበቂያ ደሞ አጠገቡ አትድረሱ፣ እሱ በእሳት ካልሞቀ አይፈታም፣ ስኮፕ አጠገብ እሳት ምን ይሠራል?

አገጣጠሙ ላይ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ የዓይን ርቀቱ ነው፣ ማለትም ዓይን ከስኮፑ የኋላ መስታወት የሚርቅበት ልክ። ስኮፑን ክዳኖቹን ሳላጠብቅ አስቀምጬ፣ ማጉያውን መጨረሻ ላይ አድርጌ (እዛ ላይ ነው ቦታው የሚጠበው)፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጉንጬን ሰደፉ ላይ አሳርፌ ዓይኔን እከፍታለሁ፣ ጥቁር ጥላ ዙሪያውን ካለ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ። ዓይኔን ሳልጨፍን ሳደርገው አንገቴ ራሱን እያስተካከለ ያታልለኛል። ደሞ የምትተኩሱት ተኝታችሁ ከሆነ ተኝታችሁ ሞክሩት፣ ቆማችሁ ካስተካከላችሁት መሬት ላይ ስትተኙ ጭንቅላታችሁ ወደ ፊት ይሄድና ስኮፑ ቅንድባችሁን ይስማችኋል። የአብዛኛው ስኮፕ የዓይን ርቀት 9 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም። ባለ አንድ አካሉ ማውንት እዚህ ላይ ትንሽ ነጻነት ይቀንሳል፣ ቀለበቶቹን ለየብቻ ማንሸራተት አይቻልም፣ ወይ ስኮፑን ውስጣቸው ታንሸራትታላችሁ ወይ ማውንቱን በሙሉ አንድ ማስገቢያ ታዘልላላችሁ።

ከዛ ማቃናት። ስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ቀጥ ማለት አለበት፣ ከጠመንጃው ጋር። ሰዎች "ትንሽ ቢጋደል ምን አለበት" ይላሉ፣ መቶ ሜትር ላይ አዎ ምንም አይታይም። ግን ርቀቱ ጨምሮ ጥይቱ በመንገዱ 2 ሜትር የሚወርድበት ቦታ ላይ ጠመንጃው በ3 ዲግሪ ከተጋደለ ጥይቱ ከ10 ሳንቲም በላይ ወደ ጎን ይሄዳል፣ እናንተ ደሞ ነፋስ ነው ትላላችሁ። እኔ የተጠቀምኩት ትንሽ ውሃ ልክ ሬሉ ላይ አድርጌ ጠመንጃውን ማስተካከል፣ ከዛ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ ቱንቢ መስቀል (ክር ላይ የታሰረ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ቱንቢ ነው) እና የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር ማጋጠም። ክር አይዋሽም። የስኮፑ ማስተካከያ ክዳን ላይ ውሃ ልክ አስቀምጦ የሚያቃና ሰው አይቻለሁ፣ እሱ ክዳን ከመስቀሉ ጋር ልክ መሆኑን ማን ነግሮት እንደሆነ እንጃ።

እና አሁን የሚያስለቅሰው ክፍል። ሁሉንም አቃንታችሁ ክዳኑን ስታጠብቁ ስኮፑ ይዞራል። የግራውን ብሎን ካጠበቃችሁ ወደ ግራ ይጎትተዋል። መፍትሔው ትዕግስት ነው፣ ስምንቱንም ብሎን እስኪነኩ ብቻ አዙሩ፣ ከዛ በሰያፍ እየተሻገራችሁ ሩብ ሩብ ዙር፣ የፊቱን ትንሽ የኋላውን ትንሽ፣ በየመሃሉ ክሩን እያያችሁ። እኔ ሶስት ጊዜ ፈትቼ አስሬያለሁ። መጨረሻ ላይ በክዳኑና በታችኛው መሃል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት፣ አንዱ ጎን ተዘግቶ አንዱ ከተከፈተ ሳታጠብቁ መልሳችሁ ፍቱ። ጭራሽ ሁለቱም ጎን ክፍተት ከሌለው ደሞ ክዳኑ ታችኛውን እንጂ ስኮፑን አልያዘም፣ የቱቦው ልክ ተሳስቷል ማለት ነው።

ስጨርስ በእያንዳንዱ ብሎን ጭንቅላት ላይ ወደ ጎኑ የሚሻገር አንድ ቀጭን መስመር በነጭ የቀለም እስክሪብቶ አሰመርኩ፣ ቱቦውም ቀለበቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንዲሁ። ብሎኑ ቢዞር ወይ ስኮፑ ቢንሸራተት መስመሩ ይሰበራል፣ ካቻቢቴ ሳላነሳ በዓይኔ አያለሁ። ውበቱን አበላሸው ያሉኝ አሉ፣ ይበላሽ።

ውጤቱ? የመጀመሪያዎቹን 20 ጥይቶች ከተኮስኩ በኋላ ሁሉንም በካቻቢቴዋ ደግሜ አየሁ፣ አንዱ አግዳሚ ብሎን ትንሽ ዞረ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ከዛ ወዲህ ከ300 በላይ ጥይት ተኩሻለሁ፣ በብርድም በሙቀትም፣ መኪና ላይ ተጭኖም ተንገጫግጮም፣ ነጩ መስመሮች አልተሰበሩም ዒላማውም ካስቀመጥኩበት አልሄደም። የሳጥን ሙከራም አድርጌያለሁ፣ አንድ ነጥብ ላይ እያነጣጠርኩ 30 ክሊክ ወደ ላይ፣ 30 ወደ ቀኝ፣ 30 ወደ ታች፣ 30 ወደ ግራ፣ በየማዕዘኑ ሁለት ጥይት፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ መነሻው ላይ አረፈ፣ አራት ማዕዘኑም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማዕዘኑ ተጋድሞ ቢወጣ ኖሮ መስቀሉ አልተቃናም ማለት ነበር። ማውንቱን ሙሉ በሙሉ አውርጄ ወደ ያው ማስገቢያ፣ ወደ ፊት ገፍቼ፣ ወደ ያው 65 መልሼ አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ ከሁሉም የበለጠ የሄደው በአንድ ክሊክ ነው፣ እሱም የኔ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል።

ለማን አይሆንም? ባለ .22 ትንሽ ጠመንጃ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ብረት አያስፈልገውም፣ እርግጫ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሁለት ጥሩ ቀለበት ከበቂ በላይ ነው፣ ካቻቢቴዋን ግን ይግዛ። ስፕሪንግ ያለው የአየር ጠመንጃ ደሞ ፍጹም ሌላ እንስሳ ነው፣ ሰው "አየር ነው ምን ይረግጣል" ብሎ ይንቀዋል፣ እሱ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ከዛ ወደ ፊት ነው የሚመታው፣ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሠራ ስኮፕን ውስጡን ያፈርሰዋል፣ ሬሉም አብዛኛውን ጊዜ 11 ሚሊ የሆነ ለስላሳ ሐዲድ ነው፣ ማስገቢያ የለውም፣ ስለዚህ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ማቆሚያ ፒን ያለው ማውንት ካልሆነ ወር ሳይሞላ ስኮፑ ሰደፉ ጋር ይደርሳል። ሌላ፣ ስኮፓችሁ የፊት መስታወቱ ትልቅ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የማውንቱን ከፍታ ለኩ፣ በርሜሉን መንካት የለበትም፣ ወረቀት ማለፍ አለበት፣ ግን በጣም ከፍ ካለ ደሞ ጉንጫችሁ ሰደፉን ለቆ በአገጭ ትተኩሳላችሁ።

ማውንቱ ከ5 4 (አንዷን የቀነስኩት ለዛ ለጉንዳን ወረቀት እና ለዛች ቁልፍ ነው)። ካቻቢቴዋ 5።

የድሮው ስኮፕ ደሞ፣ ያ "ሞቷል" ብዬ የሰጠሁት፣ ጓደኛዬ ሊፈታታው ሲል ሰነፈና ዝም ብሎ የራሱ ጠመንጃ ላይ ገጠመው። ባለፈው የላከልኝ ፎቶ ላይ መቶ ሜትር ላይ አምስት ጥይት በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ ገብተዋል። መልስልኝ አልኩት። "የሞተ አይመለስም" አለኝ።